ከሽሮ ሜዳ እስከ ዶርዜ፦ ጎረቤታችንን ፍለጋ

ዒድ በተቃረበ ቁጥር የአዲስ አበባ ቤተሰብ ወደ ሽሮ ሜዳ መውጣት ልማዱ ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው አቀበት ግራና ቀኝ ነጠላው፣ ጋቢው፣ ባለ ጥለቱ ቀሚስ ተሰቅሎ ይታያል። እናቶች ጨርቁን በጣታቸው እየዳሰሱ ይከራከራሉ፤ ልጆች የእናታቸውን ልብስ ይዘው ይጎትታሉ፤ በመጨረሻም ዋጋው ተቆርጦ ዕቃው በፌስታል ይገባል። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ጥያቄ ሳይነሳ ይቀራል፤ ይኸውም «ይህን የሠራው ማን ነው?» የሚለው ነው።

መልሱ ሩቅ አይደለም። ከገበያው ጀርባ ባሉት የጉለሌ መንደሮች፣ በሽሮ ሜዳና በአዲሱ ገበያ ዙሪያ፣ ከቆርቆሮ አጥር ውስጥ ሲመታ የሚውል የሽመና ዕቃ ድምፅ አለ። ከእነዚህ ሸማኔዎች ብዙዎቹ የትውልድ ሐረጋቸው የሚመዘዘው ከጋሞ ደጋ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያ አገር ወደ አፄ ምኒልክ ግዛት ከተጠቃለለ በኋላ ሸማኔዎች ወደ አዲሲቱ ዋና ከተማ መምጣት ጀመሩ፤ በእንጦጦ ግርጌም ሰፈሩ። የከተማው ሰው ሁሉንም በአንድ ቃል «ዶርዜ» ይላቸዋል። ዶርዜ ግን ከብዙዎቹ የጋሞ ማኅበረሰቦች የአንዱ ስም ብቻ ነው።

እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ጎረቤት ሆኖ የኖረን ሕዝብ ስሙን እንኳ አጣርተን ሳናውቅ ልብሱን ለብሰን ዒድ እንሰግዳለን። ተማሪዎቻችንን ይዘን ወደ ጋሞ ደጋ ያደረግነው ጉዞ የመነጨው ከዚህ ነው።

የጉዞው መነሻ

እኛ በጉለሌ የምናስተምር መምህራን ነን። ከመካከላችን በልጅነቱ መድረሳ ቁርኣን የቀራ፣ ኋላም በዘመናዊው ትምህርት የገፋ አለ። ትምህርት ቤታችን የመንግሥት በመሆኑ ተማሪዎቻችን ሙስሊምም ክርስቲያንም ናቸው፤ በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ፤ በአንድ ኳስ ይጫወታሉ።

አንድ ቀን በዘጠነኛ ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ ቀለሙ የለቀቀ ሹራብ ለብሶ የመጣውን ጓደኛውን «አንተ ዶርዜ!» ብሎ ሰደበው። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። የተሰደበው ልጅ የጋሞ ተወላጅ አልነበረም። ስድቡ ስድብ የሆነው ስሙ ራሱ ለማዋረጃ በመዋሉ ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በአገራችን ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ»፣ ቆዳ ፋቂው «ፋቂ»፣ ብረት ሠሪውና ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» እየተባሉ ሲሰደቡ ኖረዋል። ነገሩ መንግሥትን ሳይቀር አሳስቦ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ባለሙያን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን እስከ ዘጠነኛ ክፍል ድረስ ዘልቋል።

ለሙስሊም ቤተሰብ ነገሩ ከአዋጅም በላይ ነው። ሱረቱል ሑጁራት በ11ኛው አንቀጽ ሰዎች እርስ በርስ እንዳይሳለቁና በመጥፎ ስም እንዳይጠራሩ ይከለክላል፤ በ13ኛው አንቀጽ ደግሞ አላህ (ሱ.ወ.) የሰውን ልጅ ጎሳና ነገድ አድርጎ የፈጠረው እንዲተዋወቅ መሆኑን ያስረዳል። ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበርና ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጢ እንደነበሩ በሐዲስ ተላልፎልናል። የእጅ ሥራ የነቢያት መተዳደሪያ ሆኖ ሳለ በእጁ ሠርቶ በሚያድረው ላይ መሳቅ ከየት መጣ?

ስለዚህ ምክር ለብቻው እንደማይበቃ ተነጋገርን። ልጆቹ ሄደው ይዩ፤ በዚያው ቤት ይደሩ፤ ከዚያው ምግብ ይብሉ፤ እጃቸውንም ሥራው ላይ ያሳርፉ አልን። ጊዜው በ2016 ዓ.ም. የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ዕረፍት፣ ረመዳን ሊገባ ከአንድ ወር ጥቂት ከፍ ያለ ጊዜ ሲቀረው ነበር። ሃያ ስድስት ተማሪዎችና አራት መምህራን ተዘጋጀን፤ ከመምህራኑ ሁለቱ ሴቶች ናቸው።

የወላጆች ጥያቄ

ወላጆችን ሰብስበን ሐሳቡን ስናቀርብ ጥያቄው ብዙ ነበር። «የሥጋው ነገር እንዴት ነው? ሴቶች ልጆች የት ያድራሉ? ሶላትስ?» ተባልን። አንዲት እናት ደግሞ ሁሉም በልቡ የያዘውን ተናገሩ።

«መምህር፣ ልጄን ይህን ሁሉ መንገድ የምትወስዷት ድህነት ልታሳዩዋት ነው? እሱንማ ከበራችን ላይ እናየዋለን።»

«እህታችን፣» አልናቸው፣ «የምናሳያት ድህነት አይደለም፤ ሙያ ነው። ከበራችሁ ላይ የምታዩትን ሰው አገሩ ላይ ባለቤት ሆኖ ታየዋለች።»

ሴትዮዋ ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲያውስ አደራ» አሉና ፈረሙ።

ለቀሩት ጥያቄዎች መልሱ በዝግጅት ተገኘ። ለአስተናጋጆቻችን አስቀድመን በስልክ ሁኔታችንን አስረዳን፤ ሥጋ እንዳይዘጋጅልን፣ እንግዳ ሲመጣ በአካባቢው የሚቀርበው አረቄም እንዲቀር ለመንን። «ታዲያ ምን ችግር አለ? ማር አለ፤ ቆጮ አለ፤ ጎመን አለ» የሚል መልስ አገኘን። ሴቶቹ ከሴት መምህራን ጋር በአንድ ቤት፣ ወንዶቹ በሌላ ቤት እንዲያድሩ ተስማማን። መክፈል ያልቻሉትን ልጆች ድርሻ ሌሎች ወላጆች ተካፈሉላቸው።

ለተማሪዎቹ ደግሞ ሦስት ደንብ አወጣን። አንደኛ፣ ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ ማንሳት የለም። ሁለተኛ፣ የቀረበን ምግብ ሳይቀምሱ ፊት ማጨማደድ የለም። ሦስተኛ፣ አንድ ነገር እንግዳ ቢሆንባቸው ከመሳቅ በፊት ይጠይቁ።

ስለ ሦስተኛው ደንብ አንድ ታሪክ ነገርናቸው። ዳን ስፐርበር የተባለ ፈረንሳዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ከ50 ዓመት በላይ በፊት በዶርዜ ተቀምጦ ሲያጠና ሰዎቹ «ነብር ክርስቲያን ነው፤ ጾሙን ይጠብቃል» ሲሉት ሰማ። ቸኩሎ የሚፈርድ ሰው «እነዚህ የዋሆች ናቸው» ብሎ ማስታወሻውን በዘጋ ነበር። እሱ ግን ዝም ብሎ ሲመለከት ሰዎቹ በጾም ቀን በረቡዕና በዓርብም ከብቶቻቸውን ከነብር እንደሌላው ቀን ሁሉ ተጠንቅቀው እንደሚጠብቁ አስተዋለ። ሰው የሚናገረውና የሚያውቀው ነገር ከላይ እንደሚታየው ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ተነሥቶ ብዙ ጻፈ። ተማሪዎቻችን በነብሩ ነገር ሳቁ፤ ደንቡንም ያዙ።

በመንገድ ላይ

ከሱብሒ በኋላ ከጉለሌ ተነሥተን በቡታጅራ መስመር ወረድን። ወራቤ ስንደርስ ከስልጤ ወንድሞቻችን ዘንድ ምሳ በልተን፣ ዙህርና ዐስርን አጣምረንና አሳጥረን ሰግደን፣ በሆሳዕናና በወላይታ ሶዶ በኩል አርባ ምንጭ ደረስን። መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አርባ ምንጭ ዛሬ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ የጋሞ ዞን ከተማ ናት።

በማግሥቱ ወደ ጨንቻ የሚወስደውን አቀበት ተያያዝነው። ከታች የአባያ ሐይቅ ቀላ ያለ ውኃ፣ ከማዶ ጫሞ፣ በሁለቱ መካከል ተራራው እንደ ድልድይ ተዘርግቶ ይታያል። መኪናው በተጠማዘዘ ቁጥር ሙቀቱ እየቀነሰ፣ ሙዙ በእንሰት፣ ቁጥቋጦው በቀርከሃ እየተተካ ሄደ። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስንደርስ ሁሉም ሹራቡን ፈለገ። «ልክ እንደ እንጦጦ ይበርዳል» አለች አንዲት ተማሪ። ሸማኔዎቹ ጉለሌን ሲመርጡ ብርዱን ፈርተው እንዳልሸሹ በዚህ ተረዳን።

የቀርከሃው ቤት

የዶርዜ ቤት ከሩቅ ሲታይ የዝሆን ፊት ይመስላል። በሩ የተቀመጠበት ወጣ ያለ ክፍል እንደ ኩምቢ፣ ከበላዩ ያሉት ሁለት ጭስ መውጫዎች እንደ ዐይን ናቸው። የሚሠራው ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ሲሆን እንደ ቅርጫት ተጎንጉኖ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከውጭ በእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ልባስ ይሸፈናል። ምሰሶ የለውም። አዲስ ቤት እስከ 12 ሜትር ሊረዝም ይችላል።

ምስጥ ከሥር ሲበላው ባለቤቱ አያፈርሰውም፤ የተበላውን ቆርጦ ይጥልና ቤቱ ዝቅ ይላል። እንዲህ እያጠረ የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ያገለግላል። ቦታ መቀየር ካስፈለገም ጎረቤት ተጠራርቶ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ያዛውረዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት እዚህ በቤት ተፈጸመ አልን። ውስጡ ገብተን ስናይ በአንድ ወገን ለከብቶች የተከለለ ቦታ፣ መካከሉ ላይ ምድጃ፣ በሌላው ወገን መኝታ አለ። የከብቶቹ ትንፋሽ ሌሊቱን ቤቱን ያሞቀዋል።

ጓሮው እንሰት ነው። እንሰት በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚመገበው ተክል ሲሆን፣ ዝናብ ሲጠፋ እንኳ ቶሎ ስለማይሞት ረሃብን የሚከላከል ነው። ለመድረስ ግን ዓመታት ይፈልጋል። ሴቶች ልጆቻችን ከአስተናጋጃችን ባለቤት ጋር ተቀምጠው በተዘመመ ሳንቃ ላይ በቀርከሃ ሲፍቁ ዋሉ። የተፋቀው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በጉድጓድ ይቀበራል፤ ሲብላላ ቆይቶ ይወጣል፤ ተቆራርጦና ተለውሶ በቅጠል ውስጥ ይጋገራል። እሱም ቆጮ ነው። በማርና በሚያቃጥል ዳጣ ቀረበልን። ሁለተኛው ደንብ ከፍተኛ ፈተና የገጠመው እዚህ ላይ ነበር፤ ሆኖም ማሩ ረዳን። ለመጠጥ ብርዝ ቀረበልን፤ እሱም ገና በዕለቱ የተበጠበጠ መሆኑን ሴትዮዋ ሳንጠይቃቸው ነገሩን።

መግሪብ ሲደርስ ሰውየው ከቤታቸው አዲስ ቡሉኮ አውጥተው በሣሩ ላይ አነጠፉልን። «ይህ ለሽያጭ የተሠራ ነው፤ ይቆሽሻል» ብንላቸው «ጸሎት ልብስ አያቆሽሽም» አሉን። ሰገድን። ክርስቲያን ተማሪዎቻችን ምድጃው አጠገብ ጠበቁን።

ድርና ማግ

በዶርዜ ጥጡን የምትፈትለው ሴት፣ የሚሸምነው ወንድ ነው። ሴቶቹ ጥጡን ዳምጠው፣ ነድፈው፣ በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ወንዱ ድሩን አድርቶ በዕቃው ላይ ይወጥራል። ሸማኔው መሬት ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ጉድጓድ ውስጥ ያደርጋል፤ በእግሩ እየረገጠ ድሩን ይከፍታል፤ በእጁ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይወረውራል። ነጠላ ሁለት እጥፍ፣ ጋቢ አራት እጥፍ ነው። ጥለት ሲጨመር በየመሥመሩ ክሩ በጣት እየተቆጠረ ስለሚገባ ሰፊ ጥለት ያለው ቀሚስ ሳምንታት ይወስዳል። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የሆነው የጋሞዎች ልብስ፣ ዱንጉዛ፣ የሚሠራውም በዚሁ ዕቃ ነው።

ተማሪዎቹ በየተራ ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ። በክፍል ውስጥ የተሳደበው ልጅም ተራው ደረሰው። ሦስት ጊዜ ወርውሮ በአራተኛው ድሩን በጠሰ። አባወራው ሳይቆጡ ጎንበስ ብለው ቋጠሩለት።

«ልጄ፣ እግርህ ከእጅህ ቀድሞ ነው። ቀስ በል።»

እንደገና ሞከረ፤ እንደገና በጠሰ። ግማሽ ሰዓት ሠርቶ የሁለት ጣት ስፋት ያህል እንኳ አልሞላም። ከጉድጓዱ ሲወጣ ወገቡን ይዞ ነበር።

አባወራው «ከአዲስ አበባ የት ናችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«ከጉለሌ» አልን።

ፊታቸው በራ። «ጉለሌማ የእኛ አገር ነው! ታናሽ ወንድሜ እዚያ ሽሮ ሜዳ ከሄደ ሠላሳ ዓመት አለፈው። ልጆቹም እዚያው ነው የተወለዱት። የእኛን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ?»

ማንም አልመለሰም። እሳቸው ሌላ የሚሉት ሲያጡ ከኋላ በኩል አንድ ድምፅ በጋሞኛ መለሰላቸው። ሁላችንም ዞር አልን። በክፍሉ ውስጥ ዝምተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ያን ቀን ክፍሉ ሲስቅም አብሮ ስቆ ነበር። ሽማግሌው ወደሱ ሄደው እጁን ያዙ፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየትኛው ቀበሌ እንደሆነ እየጠየቁ ረዘም ላለ ጊዜ ተጫወቱ። ከዚያ ልጁ ወደ እኛ ዞሮ በአማርኛ «አባቴ ሸማኔ ነው። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀሰም አጠነጥናለሁ፤ ድር አደራለሁ» አለ። ከዚህ በቀር አንድም ቃል አልጨመረም።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጉዟችን አስተርጓሚ አገኘ። በዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ ይቆማል፤ እኛ በሐሙሱ ስንሄድ ከፊት የሚመራን እሱ ነበር። የጥጡን ዋጋ ይጠይቃል፤ የጨንቻውን ፖም ያስመርጣል፤ «ሳሮ» እያለ ሰላምታ ይሰጣል። ተሳዳቢው ልጅ በዚያው ምሽት እሳቱ ዳር አጠገቡ ሄዶ ተቀመጠ። የተነጋገሩትን አልሰማንም፤ መስማትም አልፈለግንም። በማግሥቱ ግን ከጎኑ አልተለየም።

እርጥብ ሣር የያዙ ሽማግሌዎች

በመጨረሻው ምሽት ሽማግሌዎች ስለ ዱቡሻ አጫወቱን። ዱቡሻ ጋሞዎች ተሰብስበው የሚመክሩበትና የሚታረቁበት አደባባይ ነው። አንድ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ያንን አልፎ መሄድ ነውር ነው።

ይህ ባህል አገር ሲያድን ታይቷል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በምትገኘው በቡራዩ በደረሰው ጥቃት ብዙ ሰዎች ተገደሉ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ተፈናቀሉ። ከተጎዱት መካከል በሽመና የሚተዳደሩ የጋሞ ተወላጆች ይገኙበታል። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበረከኩባቸው። ወጣቶቹም አላለፉም፤ ተመለሱ። በዚያ ቀን በአርባ ምንጭ ሊፈስ የነበረው የንጹሐን ደም ሳይፈስ ቀረ።

ተማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ ጸጥ አሉ። አብዛኞቹ በዚያን ጊዜ ሕፃናት ነበሩ። አንዲት ተማሪ «የራሳቸው ሰው ተገድሎባቸው ነው የተንበረከኩት?» ብላ ጠየቀች። «አዎ» አሏት ሽማግሌው። «ሐዘኑ የእኛ ነበር፤ ስለዚህ ማስቆሙም የእኛ ነበር።»

በሌላው ዓለም

የሌላውን ሕዝብ ኑሮ ቤቱ ድረስ ሄዶ መማር በሌላም አገር የተለመደ ነው። በመካከለኛው አሜሪካ፣ በጓቲማላ፣ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚሄዱ ተማሪዎች ከማያ ቤተሰቦች ጋር እያደሩ ቋንቋና ኑሮ ይማራሉ። የማያ ሴቶች የድሩን አንድ ጫፍ ከዛፍ ወይም ከምሰሶ ላይ አስረው፣ ሌላውን በወገባቸው ታጥቀው ይሸምናሉ። ዊፒል የሚባለው የሴቶች ልብስ ጥለቱ እንደየመንደሩ ይለያያል። በዶርዜ የሚሸምነው ወንድ፣ በማያ ዘንድ በወገብ ዕቃ የምትሸምነው ሴት መሆኗን ተማሪዎቻችን ሲሰሙ በጣም ተገረሙ።

የሁለቱ ሕዝቦች ዕድል ግን ይመሳሰላል። ጓቲማላ ከ1960 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. በእርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ ከ200,000 በላይ ሰዎች ሞተዋል ወይም ጠፍተዋል፤ አብዛኞቹ ማያዎች ነበሩ። በ1992 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘችው ሪጎቤርታ ሜንቹ ዓለም የሚያውቃት ያንኑ የሕዝቧን ልብስ ለብሳ ነው። የማያ ሴት ሸማኔዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ጥለታቸው በፋብሪካ እየተቀዳ መሸጡን በመቃወም ለአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አቤቱታ አቅርበዋል። በእኛም ገበያ ጥለት የሚመስል ሥዕል የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ከእጅ ሥራው ጎን ተሰቅሎ በረከሰ ዋጋ ይሸጣል። ሸማኔው የሚወዳደረው ከማይደክመው መኪና ጋር ነው።

ከጉዞው በኋላ

ከጉዞ የተመለሰ ልጅ ወሬው አንድ ሳምንት ይበቃዋል። እኛ ያሳሰበን ከዚያ በኋላ ያለው ነበር። ስለዚህ ወደ ጉለሌ በተመለስን በሁለተኛው ሳምንት ተማሪዎቹን ይዘን የዚያን ልጅ አባት ቤት ጎበኘን። ከትምህርት ቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ሰውየው ስለ ክር መወደድ፣ ስለ ነጋዴው፣ ስለ ወገባቸው ሕመም አጫወቱን። ከዚያ ቀጥሎ ካለው ቤት ግን ዕድሜው አሥር የማይሞላ ልጅ በጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ሲሸምን አየን። ሰዓቱ የትምህርት ሰዓት ነበር።

ይህን ጉዳይ ሳይነኩ ማለፍ አይገባም። «ከተማ ወስጄ አስተምረዋለሁ» ተብለው ከጋሞ ደጋ መጥተው ቀኑን ሙሉ ሲሸምኑ የሚውሉ ሕፃናት መኖራቸውን ብዙ ጥናቶች አረጋግጠዋል። ሁሉም ሸማኔ እንዲህ ያደርጋል ማለት አይደለም፤ ልጁን አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ ያበቃ ሸማኔ ሞልቷል። ሕጉም ግልጽ ነው፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ መሥራት የለበትም።

ነገሩ የሸማኔው ብቻ ነው ብለን ግን አንገላገልም። እኛ ገዢዎች ነጋዴውን እስከ መጨረሻው ሳንቲም ስናስቀንስ ነጋዴው ከሸማኔው ያስቀንሳል፤ ሸማኔው ደግሞ ደመወዝ ከማይጠይቀው ሕፃን ጉልበት ይቀንሳል። የዒድ ነጠላችን ዋጋ በዚህ መንገድ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ለአላህ ብለን የምንለብሰው ልብስ የሕፃን የትምህርት ዕድል ዋጋ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባናል።

ተማሪዎቹ በራሳቸው ተመካክረው እሑድ ጠዋት በትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ውስጥ ለእነዚህ ልጆች ፊደልና ሒሳብ ማስተማር ጀመሩ። አሠሪዎቹን ማሳመን ከባድ ነበር። ሁለቱ በግልጽ እምቢ አሉ። ሦስተኛው ፈቃደኛ የሆነው የተማሪያችን አባት ሄደው በአገር ልማድ ካነጋገሩት በኋላ ነው። በመጀመሪያው እሑድ አምስት ልጆች መጡ፤ በሚቀጥለው ሦስት፤ ከዚያ ስምንት። ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ይላል። እኛም ከቀበሌውና ከወላጆች ጋር ሆነን በመደበኛው ትምህርት የሚገቡበትን መንገድ እየጠየቅን ነው። ከሚያስተምሩት አንዱ ያ ድር የበጠሰው ልጅ ነው።

ለቤተሰብ የምንለው

ውድ ወላጆች! ልጆቻችሁን ለማስጎብኘት የግድ ጋሞ ደጋ መውጣት አያስፈልግም። ከየትኛውም ሰፈር ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ ወይም ብረት ቀጥቃጭ አይጠፋም። በጉለሌ ከሽሮ ሜዳ ሌላ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች አሉላችሁ። አስፈቅዳችሁ ግቡ፤ ልጃችሁ በእጁ ይሞክር፤ ባለሙያውን «አባባ»፣ «እማማ» ብሎ ይጥራ። በቤታችሁ ውስጥ የሙያ ወይም የጎሳ ስም ለስድብ እንዳይውል ከልክሉ፤ ልጅ ስድብን የሚማረው በመጀመሪያ ከማዕድ ላይ ነውና።

ልብስ ስትገዙ ጨርቁን ገልብጡት። በእጅ የተሠራ ጥለት ክሩ ከጀርባም ይታያል፤ የታተመው ግን ከጀርባ ፈዞ ይቀራል። በእጅ የተሠራውን ካገኛችሁ የሠራውን ጠይቁ። ከተቻለ በቀጥታ ከሸማኔው ግዙ፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት መግባታቸውንም በትሕትና ጠይቁት። መጠየቃችሁ ብቻውን አንዳንድ ጊዜ ይሠራል።

ለወጣቶች ደግሞ ይህን እንላለን። ከእናንተ መካከል የአባቱን ሙያ የሚደብቅ ጓደኛ ሊኖር ይችላል። እንዲደብቅ ያደረገው ሙያው አይደለም፤ የእኛ ሳቅ ነው። ሳቁን ያቆማችሁ ቀን እሱም መናገር ይጀምራል።

አላህ (ሱ.ወ.) ጎረቤቶቻችንን የምናውቅ፣ ሐቃቸውን የምንጠብቅ፣ ከእጃቸው ሥራ የሚበሉትን የምናከብር ያድርገን። አሚን።